የተማሪዎች የቢዝነስ ፕላን ውድድር፦ ነጥቡ እንዴት ይሰጥ? ሽልማቱስ እንዴት ይከፈል?

ጥያቄ፦ «በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ኢንተርፕርነርሺፕ አስተምራለሁ። የተማሪዎች የቢዝነስ ፕላን ውድድር ከሚያዘጋጁት አንዷ ነኝ። ባለፈው ዓመት ውጤቱ ሲነገር ትልቅ ጭቅጭቅ ተነሣ። ሦስት ዳኞች ነበሩን። ሁለቱ አንደኛ ያደረጉት ቡድን በድምር መጨረሻ ወጣ። ተማሪዎቹ አድልዎ አለ አሉ። እኔ ድምሩን ደጋግሜ አየሁት፤ ስህተት የለበትም። ዘንድሮ 14 ቡድኖች ተመዝግበዋል። ከዩኒቨርሲቲውና ከአንድ ስፖንሰር 300,000 ብር አግኝተናል። ዳኞችን እንዴት እንምረጥ? ነጥቡን እንዴት እናስላ? ሽልማቱንስ እንዴት ብናከፋፍል ይሻላል?»

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ድምሩ ልክ ነበር። የተበላሸው ከድምሩ በፊት ነው። የሦስት ሰዎችን ነጥብ እንዳለ መደመሩ ላይ ነው ችግሩ። በቁጥር ላሳይዎት።

ሦስት ቡድኖችን እንውሰድ። ሀ፣ ለ እና ሐ እንበላቸው። አንደኛው ዳኛ ጋ ሀ 82፣ ለ 80፣ ሐ 78 አገኙ። ሁለተኛዋ ዳኛ ጋ ደግሞ 81፣ 79 እና 77። ሁለቱ ዳኞች ሙሉ በሙሉ ተስማምተዋል፤ ሀ አንደኛ፣ ሐ መጨረሻ። ሦስተኛው ዳኛ ግን ሲወድ ብዙ ይሰጣል፣ ካልጣመው ይቆርጣል። እሱ ጋ ሀ 45፣ ለ 60፣ ሐ 90 አገኙ። አሁን ይደምሩት። ሐ 245፣ ለ 219፣ ሀ 208። ሁለት ዳኞች አንደኛ ያሉት ቡድን መጨረሻ ወጣ።

እዚህ ውስጥ ያጭበረበረ ሰው የለም። ሁለቱ ዳኞች ከላይ እስከ ታች የተንቀሳቀሱት በ4 ነጥብ ውስጥ ነው። ሦስተኛው በ45 ነጥብ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። ስለዚህ የእሱ ድምፅ የሁለቱን ዋጠ። ነጥቡን በሰፊው የሚበትን ዳኛ ሳያስበው የውድድሩ ብቸኛ ዳኛ ይሆናል። እኔ ይህን በብዛት ያየሁት አስተማሪና ነጋዴ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ነው። አስተማሪው ውጤት መስጠት ሥራው ስለሆነ ከ70 በታች መስጠት ይከብደዋል። ነጋዴው ደግሞ ገንዘቤን አላወጣበትም ካለ 30 ለመስጠት አያመነታም። ሁለቱም በራሳቸው መንገድ ልክ ናቸው። ቁጥራቸው ግን አንድ ቋንቋ አይናገርም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዳኛው እንደፈለገ ነጥብ ይስጥ። ኮሚቴው የሚደምረው ግን ደረጃውን ይሁን። ከላይ ባለው ምሳሌ ሀ ሁለት ጊዜ አንደኛ፣ አንድ ጊዜ ሦስተኛ ወጣ፤ ድምሩ 5። ለ ሦስቱም ጋ ሁለተኛ ነው፤ ድምሩ 6። ሐ ድምሩ 7። ትንሹ ድምር ያሸንፋል። ያው ዳኞች፣ ያው ነጥብ፣ ውጤቱ ግን ተገለበጠ። ይህን ምሳሌ ለተማሪዎቹም ሰሌዳ ላይ ቢሠሩላቸው ጥሩ ነው። ባለፈው ዓመት የሆነው ነገር ተንኮል ላይሆን እንደሚችል በዓይናቸው ያያሉ።

በሂውስተን፣ ቴክሳስ የሚገኘው ራይስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በዓለም ከታወቁት የተማሪ ውድድሮች አንዱን ያካሂዳል። ለብዙ ዓመታት 42 ቡድኖችን ሲጋብዝ ቆይቷል። በዳኝነት በብዛት የሚቀመጡት ኢንቨስተሮችና የቢዝነስ ሰዎች ናቸው። ዋናው ጥያቄያቸውም ስላይዱ ስንት ነጥብ ያገኛል የሚል አይደለም። ከእነዚህ ቡድኖች ገንዘብህን የምታወጣው በየትኛው ላይ ነው የሚል ነው። ይህ ጥያቄ በባሕርይው ደረጃ ያስወጣል። ዳኛው ቡድኖቹን እርስ በርስ እንዲያነጻጽር ያስገድደዋል።

የእናንተ 14 ቡድኖች ላንድ ዳኛ በአንድ ቀን ብዙ ናቸው። ከሰባተኛው በኋላ ሰው ይደክማል፤ ቡድኖቹም ይምታቱበታል። በሁለት ክፍል ይከፋፍሏቸው፤ ሰባት ሰባት። የክፍሉ ድልድል በዕጣ ይሁን። በየክፍሉ ሦስት ዳኞች ይቀመጡ። ከየክፍሉ ሦስት ሦስት ቡድን ወደ ፍጻሜ ይለፍ። አንድ ነገር ብቻ በፍጹም አያድርጉ፤ የአንደኛውን ክፍል ነጥብ ከሁለተኛው ክፍል ነጥብ ጋር አያወዳድሩ። ዳኞቹ ሌላ ሰዎች ስለሆኑ 85 እዚህና 85 እዚያ አንድ አይደሉም። በፍጻሜው ላይ ስድስቱ ቡድኖች በአምስት ዳኞች ፊት አዲስ ሆነው ይጀምሩ። የመጀመሪያው ዙር ነጥብ ተከትሏቸው አይምጣ።

ደረጃ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። አንድ ዳኛ አንደኛና ሁለተኛ ባደረጋቸው ቡድኖች መካከል የሰማይና የምድር ልዩነት አይቶ ይሆናል። በደረጃ ይህ አይታይም። ለዚህ ነው ውይይት የሚያስፈልገው። የውይይቱ አካሄድ ደግሞ ከስሌቱ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

እንደምናውቀው በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ከተናገረ በኋላ ሌላው ዝም ይላል። ዲኑ «እኔ እንኳ ይሄኛውን ወድጄዋለሁ» ካሉ ነገሩ አለቀ። ወጣቷ ባለሙያ የጻፈችውን ደረጃ በእርሳስ ታስተካክላለች። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ያስከብሩ። መጀመሪያ ሁሉም ለየብቻው ደረጃውን ጽፎ፣ ፈርሞ ለጸሐፊው ይስጥ። ከዚያ ወረቀቱ ተሰብስቦ ይቀመጥ። ውይይቱ ሲጀመር ቀድሞ የሚናገረው በዕድሜም በሥልጣንም ትንሹ ዳኛ ይሁን። ትልቁ መጨረሻ ይናገር። ከውይይቱ በኋላ ሐሳቡን የለወጠ ዳኛ ካለ አዲስ ወረቀት ሞልቶ፣ ለምን እንደለወጠ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። የመጀመሪያውም የሁለተኛውም ወረቀት ይቀመጣል። ነገ ጥያቄ ቢነሣ መልስ አላችሁ ማለት ነው።

አቻ ቢወጡ ምን እንደሚደረግም ከውድድሩ በፊት በጽሑፍ ይቀመጥ። ለምሳሌ ብዙ ዳኞች አንደኛ ያደረጉት ይቅደም። በዚያች ሰዓት መድረክ ኋላ ተሰብስቦ መከራከር አይገባም።

አሁን ወደ ዳኞቹ። የፕሬዚዳንቱን ቢሮ ተወካይ፣ የስፖንሰሩን ሥራ አስኪያጅ፣ የከተማውን ባለሥልጣን ዳኛ ማድረግ ደግ አክብሮት ይመስላል። ለተማሪዎቹ ግን በደል ነው። የክብር እንግዳ ንግግር ያድርግ፣ ሽልማት ይስጥ። አይዳኝ። ግማሹን ሰዓት ስልክ ሊያነሣ የሚወጣ ሰው ደረጃ ሊሰጥ አይችልም።

ለፍጻሜው አምስት ሰው ከፈለጉ ምርጫዬ እንዲህ ነው። ሁለቱ ራሳቸው ቢዝነስ ከፍተው የሚያንቀሳቅሱ ይሁኑ። ደመወዝ መክፈል ምን እንደሆነ የሚያውቁ። አንዱ ከባንክ ወይም ከማይክሮ ፋይናንስ ብድር የሚገመግም ባለሙያ ይሁን። እሱ ቁጥር ያነባል። አንድ ብቻ ይሁን ግን። የብድር ባለሙያ ሦስት ከሆኑ ውድድሩ መያዣ ያለው ማነው ወደሚል ያመራል፤ ተማሪ ደግሞ መያዣ የለውም። አንዱ የዘርፉ ዕውቀት ያለው ይሁን፤ ብዙዎቹ ቡድኖች የግብርና ሥራ ካቀረቡ የግብርና ሰው። አምስተኛው አስተማሪ ይሁን። ግን ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ቢመጣ ይመረጣል። የቡድኑ አማካሪ የሆነ፣ የቡድኑ አባል ዘመድ የሆነ ወይም በሐሳቡ ላይ ድርሻ ያለው ሰው ራሱን ያግልል። ይህን ሁሉም ዳኛ አስቀድሞ በፊርማው ያረጋግጥ።

ስፖንሰሩ ካልዳኘሁ ቢል ምን ይደረጋል? በራሱ ስም ልዩ ሽልማት ይስጥ። ያንን እሱ በፈለገው መስፈርት ይምረጥ፤ ገንዘቡም ለብቻው ይሁን። ዋናው ውጤት ላይ ግን እጁን አያስገባ። የሕዝብ ምርጫ የሚባለውም እንዲሁ ነው። በቴሌግራም ድምፅ ማሰባሰብ ደስ ይላል፤ የሚያሸንፈው ግን ብዙ ተማሪ ያለው ትምህርት ክፍል ነው። ለብቻው የምስጋና ወረቀት ይሰጠው እንጂ ከዳኞች ውጤት ጋር አይደመር።

ጥሩ ዳኛም ቢሆን የማያውቀው ዝንባሌ አለው። ሦስቱን ልጥቀስ፤ ሦስቱም በቀላሉ የሚታረሙ ናቸው።

አንዱ ተራ ነው። በብራስልስ በሚካሄደው የንግሥት ኤልሳቤጥ የፒያኖ ውድድር ላይ ጥናት ያደረጉ ኢኮኖሚስቶች ተራ በዕጣ ቢወጣም ዘግይተው የተጫወቱት በአማካይ የተሻለ ደረጃ እንዳገኙ አሳይተዋል። መጀመሪያ የሚቀርበው ይጎዳል። ዳኛ ገና አልሞቀም፤ ለሚመጣው ብሎ ነጥብ ይቆጥባል። ስለዚህ ተራው ሁሉም ባለበት በዕጣ ይውጣ። ከዚያ በላይ ደግሞ የመጨረሻው ቡድን ሲጨርስ ዳኞቹ ማስታወሻቸውን ከአንደኛው ቡድን ጀምረው እንደገና ያንብቡ። ደረጃ የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጾታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ጆርናል በወጣ ጥናት አንድ ዓይነት ገለጻ በወንድና በሴት ድምፅ ተቀድቶ ቀረበ። 68 በመቶ ያህሉ ሰዎች በወንድ ድምፅ የቀረበውን መረጡ። ቃሉ አንድ ነው፤ ድምፁ ብቻ ነው የተለየው። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ በኒው ዮርክ ይካሄድ በነበረው ቴክክራንች የተባለ የጀማሪ ኩባንያዎች ውድድር ኢንቨስተሮች ለተወዳዳሪዎቹ ያቀረቡትን ጥያቄዎች መረመሩ። ወንዶቹ በብዛት የተጠየቁት እንዴት ታድጋለህ፣ ምን ያህል ትደርሳለህ የሚል ነው። ሴቶቹ የተጠየቁት እንዳትከስሪ ምን ታደርጊያለሽ የሚል ነው። እንዲህ የጠየቁት ወንድ ኢንቨስተሮች ብቻ አልነበሩም፤ ሴቶቹም እንዲሁ ነበሩ። ስለ ማደግ የተጠየቀ ስለ ማደግ ያወራል፤ ስለ መክሰር የተጠየቀች ስለ መክሰር ታወራለች። ከዚያ ዳኛው «ራዕይ ይጎድላታል» ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ለሁሉም ቡድን ሦስት ተመሳሳይ ጥያቄዎች አስቀድሞ ይዘጋጁ። አንዱ ስለ ማደግ፣ አንዱ ስለ አደጋ፣ አንዱ ስለ ገንዘብ። ነፃ ጥያቄ የሚመጣው እነዚህ ከተመለሱ በኋላ ነው።

ሦስተኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው። በዚህኛው ጉዳይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ገለጻውም በእንግሊዝኛ ይሁን ይባላል። ውጤቱ ምንድን ነው? አዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት የተማረው ልጅ ያለችግር ይናገራል። የአባቱን የማር ቀፎ እያየ ያደገውና ስለ ማር ገበያ ከሁሉም በላይ የሚያውቀው ልጅ ይንተባተባል። ደንበኞቹ እኮ ማር የሚገዙት በእንግሊዝኛ አይደለም። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ይሁን ካላችሁ ይሁን። ገለጻውና መልሱ ግን ቡድኑ በመረጠውና ዳኞቹ በሚሰሙት ቋንቋ ይሁን። አማርኛም፣ አፋን ኦሮሞም፣ ትግርኛም ይሁን። አስተርጓሚ ካስፈለገ ለአንድ ቀን ማግኘት ከባድ አይደለም። የውጭ ኢንቨስተር ፊት የሚቀርቡበት ቀን ሲመጣ በእንግሊዝኛ ይለማመዳሉ፤ ያ ሥልጠና እንጂ መመዘኛ አይደለም።

ስለ መመዘኛው ካነሣን፣ በብዙ ውድድሮች የማየው ወረቀት ለፈጠራ 30 ነጥብ ይሰጣል። እኔ ይህን እቀንሳለሁ። ፈጠራ የሚለው ቃል ሰፊ ስለሆነ ዳኛው የወደደውን ሁሉ እዚያ ያስገባል። በምትኩ ትልቁን ነጥብ፣ 30ውን፣ ለደንበኛ ማስረጃ ይስጡ። ለቁጥሩ 25፣ ለቡድኑ 20፣ ሥራው አሁን ባለው ሁኔታ ሊሠራ ስለመቻሉ 15፣ ለአቀራረቡ 10። ነጥቡ ደረጃ ለማውጣት ባይደመርም የዳኛውን ሐሳብ መስመር ያስይዛል፤ በኋላም ለቡድኖቹ አስተያየት ለመስጠት ይጠቅማል።

እያንዳንዱ ነጥብ ምን ማለት እንደሆነም ይጻፍ። የደንበኛ ማስረጃን ብንወስድ፣ ዝቅተኛው «ሕዝቡ ይፈልገዋል ብለን እናምናለን» ነው። መካከለኛው ቡድኑ ሊገዙ የሚችሉ ሰዎችን በአካል አነጋግሮ ምን እንዳሉት ሲያቀርብ ነው። ከፍተኛው ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሲገዛ፤ ሃያ ብርም ቢሆን። ይህ ልዩነት ከተጻፈ አስተማሪውም ነጋዴውም ይቀራረባሉ።

ቁጥሩ ላይ ዳኞች እንዲጠነቀቁበት የምመክረው አንድ አነጋገር አለ። «የአገራችን ሕዝብ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነው፤ አንድ በመቶውን ብናገኝ...» የሚለው። ይህ ቁጥር አይደለም። ከቡና ገለባ ከሰል የሚሠራ ቡድን ከሆነ አንድ ኪሎው በስንት ብር እንደሚወጣ፣ ገለባው ከየት በስንት እንደሚመጣ፣ ማድረቂያው ክረምት ላይ ምን እንደሚሆን፣ ለቸርቻሪው ስንት እንደሚተው ይንገረን። ማሽን ወይም ኬሚካል ከውጭ የሚያስመጣ ቡድን ደግሞ ዋጋውን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ ባለው የምንዛሪ ተመን ያስላ። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ የድሮ ዋጋ የያዘ ፕላን ከወዲሁ ኪሳራ ላይ ነው።

ገና ሐሳብ ላይ ያለውንና ሥራ የጀመረውን ቡድን አንድ ላይ ማወዳደርም ተገቢ አይደለም። ከ14ቱ አራት አምስቱ መሸጥ የጀመሩ ከሆነ ለብቻ ይመደቡ። ያን ጊዜ የዙሩን አከፋፈል በዚያው ልክ ያስተካክሉ።

ስለ ሽልማቱ ከመናገሬ በፊት ዳኞች ምን ያህል እንደሚያውቁ ላንሣ፤ የገንዘቡ አከፋፈል የሚወሰነው በዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የናይጄሪያ መንግሥት ዩዊን የተባለ አገር አቀፍ የቢዝነስ ፕላን ውድድር ጀመረ። የተማሪዎች ውድድር አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን ለእኛም ይሠራል። ወደ 24,000 ሰው አመለከተ። 1,200 አሸናፊዎች በአማካይ 50,000 ዶላር ገደማ ተሰጣቸው። ከአሸናፊዎቹ ብዙዎቹ የተመረጡት ለግማሽ ፍጻሜ ከደረሱት መካከል በዕጣ ስለነበር የዓለም ባንኩ ኢኮኖሚስት ዴቪድ ማኬንዚ ያገኙትንና ያላገኙትን ማነጻጸር ቻለ። ገንዘቡ ለውጥ አምጥቷል። ከሦስት ዓመት በኋላ ያሸነፉት በሥራ ላይ የመቆየት ዕድላቸው ሰፍቷል፤ ብዙ ሠራተኛም ቀጥረዋል። ሌላው ውጤት ግን ለእኛ ይበልጥ አስፈላጊ ነው። እዚያ ደረጃ ከደረሱት መካከል ዳኞች ለፕላኑ የሰጡት ነጥብ ማን እንደሚያድግ መተንበይ አልቻለም። ብዙ ነጥብ ያገኘው ትንሽ ካገኘው በልጦ አልተገኘም።

በአሜሪካው ኤም አይ ቲም የታወቀ ምሳሌ አለ። አካማይ የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ መሥራቾች እ.ኤ.አ. በ1998 በዩኒቨርሲቲው ውድድር ላይ ለፍጻሜ ደረሱ። አላሸነፉም። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ላይ ኩባንያው አክሲዮኑን ለሕዝብ ገበያ አቀረበ። ዳኞቹ ሰነፎች አልነበሩም። ዳኛ ደካማውን ከጠንካራው መለየት ይችላል። ከጠንካሮቹ መካከል የትኛው እንደሚያድግ ግን ማንም በአሥር ደቂቃ ገለጻ አያውቅም።

እንግዲህ ይህ ከሆነ ከ300,000 ብር 200,000 ወይም 150,000ውን ለአንድ ቡድን መስጠት ለምን? በአንደኛና በሦስተኛ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ዳኛ ስሜት ሊሆን ይችላል። የገንዘቡ ልዩነትም በዚያው ልክ ጠባብ ይሁን። እኔ ብሆን እንዲህ እከፋፍለው ነበር። ለአንደኛ 90,000፣ ለሁለተኛ 70,000፣ ለሦስተኛ 60,000። ቀጥሎ ለሚመጡ ሦስት የፍጻሜ ቡድኖች የናሙና መሥሪያ 10,000 ብር እያንዳንዳቸው። ቀሪው 50,000 ብር በዕለቱ አይሰጥም። ከስድስት ወር በኋላ ከስድስቱ ቡድኖች በሥራ ብዙ ርቀት ለሄደው ይሰጣል። የፍጻሜው ቀን ዳኞች ያላዩትን ነገር ስድስት ወር ያሳያል።

የሦስቱ ዋና አሸናፊዎች ገንዘብም በአንዴ አይከፈል። ናይጄሪያም በአራት ዙር ነበር የከፈለችው፤ አሸናፊው የተስማማበትን ሥራ ሲፈጽም ቀጣዩ ይለቀቅለታል። ለእናንተ ሦስት ዙር ይበቃል። አንድ ሦስተኛው በሽልማቱ ዕለት። ሁለተኛው ናሙናው ተሠርቶ ደንበኛ ሲሞክረው። ሦስተኛው የመጀመሪያው ሽያጭ ደረሰኝ ሲቀርብ ወይም ንግድ ፈቃዱ ሲወጣ። ምዕራፎቹ ከቡድኑ ጋር ተነጋግራችሁ የተጻፉ ይሁኑ። ከላይ የሚጫን የሪፖርት ክምር ከሆነ ተማሪው ይሰለቻል፤ ገንዘቡም ሳይወጣ ይቀራል። መድረክ ላይ ለፎቶ የሚያዘው ትልቁ ቼክ ላይ ሙሉው ገንዘብ ሊጻፍ ይችላል። በሦስት ዙር የሚከፈል መሆኑ ግን ከምዝገባው ጀምሮ መታወቅ አለበት።

እዚህ ላይ በጣም ተግባራዊ የሆነ እንቅፋት አለ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ሥራ ላይ ያልዋለ በጀት ተመላሽ ይሆናል። ውድድሩ ግንቦት ላይ ከሆነ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር ክፍያ አየር ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሽልማቱን ከማስታወቃችሁ በፊት የፋይናንስ ክፍሉን ያነጋግሩ። ከዩኒቨርሲቲው በጀት የመጣውን ለመጀመሪያው ዙርና ለናሙና መሥሪያው ይጠቀሙበት። ለኋለኞቹ ዙሮች የስፖንሰሩ ገንዘብ ይሁን። የሚቻል ከሆነ ስፖንሰሩ በውል ገብቶ በቀጥታ ለቡድኖቹ ይክፈል። ከሽልማቱ ግብር ይቆረጥ እንደሆነም በዚያው ጠይቀው ለተማሪዎቹ የሚደርሳቸውን የተጣራ ብር ይንገሯቸው።

ገንዘቡ የማን ነው የሚለውም ከፍጻሜው በፊት ይለይ። ጓደኛሞችን ከመሸነፍ ይልቅ ማሸነፍ ሲያጣላ አይቻለሁ። አራት ልጆች አብረው ይወዳደራሉ፤ ሁለቱ ተመርቀው ይሄዳሉ፤ አንዱ ሥራውን ይቀጥላል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ጥሩ ሕግ ነው። አንዱ አባል ብቻውን በስሙ አስመዝግቦ ሌሎቹን ውጭ ሊያስቀር የሚችልበት በርም ነው። ለፍጻሜ የደረሰ ቡድን ሁሉ አንድ ገጽ ስምምነት ይፈርም። የማን ድርሻ ስንት ነው? ከግቢ የወጣ አባል ምን ያገኛል? ሐሳቡ የመጣው ከመመረቂያ ጽሑፍ ከሆነ አማካሪው ምን መብት አለው? ገንዘቡም በአንድ ሰው ሒሳብ አይግባ፤ ቢያንስ ሁለት ፈራሚ ባለው የጋራ ሒሳብ ይግባ።

ቴክኒካዊ ፈጠራ ያላቸው ቡድኖች የፍጻሜው መድረክ ለሕዝብ ክፍት መሆኑን አስቀድመው ይወቁ። እዚያ የተናገሩት ምሥጢር አይሆንም። ጥበቃ የሚያስፈልገው ነገር ካላቸው መድረክ ከመውጣታቸው በፊት ከኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ምክር ይጠይቁ።

በዓይነት ስለሚሰጥ ሽልማት በአጭሩ፤ ላፕቶፕ፣ የሥራ ቦታ፣ ሥልጠና ጥሩ ናቸው። ዋጋቸው ግን ተጋኖ «የግማሽ ሚሊዮን ብር ሽልማት» ተብሎ አይለጠፍ። ተማሪ በእጁ የሚገባውን ሲያውቅ ይከፋዋል፤ በቀጣዩ ዓመትም አይመዘገብም።

ቅሬታ የሚቀርብበት መንገድም ይኑር። በሁለት ቀን ውስጥ፣ በጽሑፍ፣ በሁለት ጉዳይ ብቻ፤ የስሌት ስህተት ወይም የደንብ ጥሰት። የዳኛው አስተያየት ላይ ይግባኝ የለም። በዚያው ልክ ለእያንዳንዱ ቡድን የራሱ ደረጃ በየዳኛው ጋ ስንት እንደሆነ ይሰጠው። የዳኞቹን ስም መሸፈን ይቻላል። ቁጥሩን መደበቅ ግን ሐሜት ይወልዳል።

ከሁሉም በላይ የምለምንዎት ግን ስላላሸነፉት ነው። ከ14 ቡድኖች ስምንቱ ምንም ብር ሳይዙ ይሄዳሉ። በብዙ ቦታ የሚሰጣቸው የተሳትፎ ሰርተፍኬት ብቻ ነው። እነዚህ ልጆች ለወራት ደክመዋል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ገጽ አስተያየት ይጻፍ። ዳኞቹ ምን እንደወደዱ፣ የቱ ቁጥር እንዳላሳመናቸው፣ ቀጥለው ማንን ቢያነጋግሩ እንደሚሻል። አድካሚ ነው፤ ግን ዳኞቹ በዕለቱ ማስታወሻ ከያዙ አንድ ረዳት በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። በአሜሪካ ውድድሮች ላይ የተሠራ ጥናት ዝቅተኛ ደረጃቸው በግልጽ የተነገራቸው ቡድኖች ካልተነገራቸው ይበልጥ ሐሳቡን እንደሚተዉ አሳይቷል። ይህን እንደ ጉዳት አላየውም። የማይሄድ ሐሳብ ላይ የመመረቂያ ዓመቱን ለሚያቃጥል ተማሪ እውነቱን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ጊዜውን ለሌላ ሐሳብ ያውለዋል።

በመጨረሻ የ14ቱንም ቡድኖች ስልክ በአንድ ሠንጠረዥ ይያዙ፤ ያሸነፉትንም ያልተሸለሙትንም። በየዓመቱ መስከረም ላይ አንድ ሰው ይደውልላቸው። ሥራው አለ? ስንት ሰው ቀጠራችሁ? ባለፈው ወር ስንት ሸጣችሁ? መልሱን ዳኞቹ ከሰጡት ደረጃ ጎን ይጻፉት። ከሦስት ውድድር በኋላ የትኛው መመዘኛ እንደሚሠራ፣ የትኛው ዳኛ ሰው እንደሚለይ ከራሳችሁ መዝገብ ታያላችሁ። ያኔ የነጥቡን ክብደት እኔ ከጻፍኩት ይልቅ በዚያ መዝገብ አስተካክሉት።